የሦስት ቤት አንድ ኒውትራል

በሐረር ነባር ከተማ በጁገል፣ ከጊደር መጋላ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ሦስት አባወራ ይኖርበታል፤ ቆጣሪው ግን አንድ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሰሞኑን የሦስተኛው ቤት ቴሌቪዥን ተቃጥሎ ነገሩን ለማጣራት ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ በሐረር ለብዙ ዘመን ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ባለሙያ ነው። ሌላዋ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀች የወንድሙ ልጅ ናት፤ ሥራዋም የሕንፃ ንድፍ መመርመር ነው። የተነጋገሩት እንደሚከተለው ነው።

አጎት፦ አቦ፣ እስቲ ከሥሩ ንገሪኝ። የሰዎቹን ቴሌቪዥን ምን አቃጠለው? እነሱ መብራቱ በኃይል መጣ ነው የሚሉት።

መሐንዲሷ፦ ከምሰሶው የመጣው መብራት ደህና ነበር ጋሼ። በዙሪያው ካሉት ጎረቤቶች የአንዱም ዕቃ አልተነካም። ችግሩ እዚሁ ግድግዳ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቤት አንድ ሶኬት ጠቁሮ ነበር። ተከራዩ ልጅ ሊቀይረው የራሱን ብሬከር አጠፋ፣ ሶኬቱን በተስተር ነካ፣ ተስተሩ አልበራም። ደህና ነው ብሎ ፈታው። ከሶኬቱ ጀርባ ሁለት ጥቁር ሽቦ በአንድ ብሎን ታስሮ አገኘ። አንዱ ከቦርድ የመጣ ኒውትራል፣ ማለትም የከረንቱ መመለሻ ነው፣ ሌላው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ቤት የሚያልፍ። ሁለቱን ሲለያያቸው የሁለቱ ቤት ኒውትራል ተቆረጠ።

አጎት፦ ልጁም ነዝሮኛል ይላል። ብሬከሩን አጥፍቼ ነበር ብሎ ይምላል። እኔ አላመንኩትም ነበር።

መሐንዲሷ፦ እውነቱን ነው። ብሬከሩ የሚያጠፋው የእሱን ፌዝ ብቻ ነው። በእጁ የያዘው ጥቁር ሽቦ ግን የጎረቤቶቹን ከረንት እየመለሰ ነበር። ሽቦው ታስሮ ሳለ ቮልቴጁ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ ተስተር አይበራበትም። ሲፈታ ነው ነገሩ የተለወጠው። በሁለተኛው ቤት እንጀራ እየተጋገረ ነበር፤ የምጣዱ ፌዝ በምጣዱ በኩል አልፎ መመለሻ ሲያጣ እዚያው ጫፍ ላይ ቆመ። አስልቼዋለሁ፤ በልጁ እጅ የነበረው ጫፍ ከመሬት ጋር ሲለካ 210 ቮልት ገደማ ነበረው። እግሩ እንጨት በርጩማ ላይ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቴሌቪዥን አልነበረም።

አጎት፦ አላህ አወጣው።

መሐንዲሷ፦ ቴሌቪዥኑን ደግሞ እንዲህ አስበው። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው እንበል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ሬዚስታንሱ 14 ኦም አይሞላም። የሦስተኛው ቤት ሎድ ያኔ ቴሌቪዥንና ጥቂት አምፖል ነበር፤ 100 ዋት ብንለው 484 ኦም ይሆናል። ኒውትራሉ ሲጠፋ ሁለቱ በተርታ ተያይዘው በሁለት ፌዝ መካከል ቀሩ። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። ቮልቴጁ እንደ ሬዚስታንሳቸው ይከፋፈላል፤ ምጣዱ 11 ቮልት እንኳ አይደርሰውም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ 369 ቮልት ይወርዳል። ቴሌቪዥን እንደ ምጣድ ተራ ሬዚስታንስ ስላልሆነ ቁጥሩ በጥቂቱ ይዛነፋል፤ መቃጠሉ ግን አይቀርም። የምትጋግረው ሴትዮም ምጣዱ ቀዘቀዘብኝ ነው ያለችው። የራሷ ዕቃ ምንም አልሆነም።

አጎት፦ ብሬከሮቹስ? አንዱም አልወረደም።

መሐንዲሷ፦ የሚያወርዳቸው አልነበረም። በሁለቱ ውስጥ ያለፈው ከረንት አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም። ብሬከር የሚያየው የከረንትን ብዛት ነው፤ ቮልቴጅ ከፍ አለ ዝቅ አለ አያውቅም።

አጎት፦ ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሽቦ የዘረጋው ሰው ሥራውን የማያውቅ አልነበረም። ሦስቱን ቤት በሦስት ፌዝ ከፍሎ ለሦስቱም አንድ ኒውትራል መስጠት የታወቀ አሠራር ነው። ሦስቱ እኩል ከሳቡ በኒውትራሉ የሚያልፍ ከረንት የለም፤ ሁለቱ ብቻ 16፣ 16 አምፔር ቢስቡ እንኳ ኒውትራሉ ላይ የሚመጣው 16 ነው። ሽቦው አይግልም። ሁለት ሽቦ ቀነሰ፣ ቱቦውን አቀለለ። ይህን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ የጁገል ድንጋይ ነው፣ ክንድሽን ብታስገቢ ማዶ አትደርሺም። እሱን ለመሰርሰር ስንት ቀን ይፈጃል? ደግሞስ ማን ፈቅዶልሽ?

መሐንዲሷ፦ ስሌቱ ልክ ነው። ይህ አሠራር ሲጀመርም ምክንያቱ መዳብ መቆጠብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤዲሰን ባለ ሦስት ሽቦ መስመሩን በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሳንበሪ በምትባል ከተማ ሲዘረጋ የፈለገው ያንኑ ነው፤ ለሁለት ወገን ሎድ አንድ መመለሻ ሽቦ። እኔ የምከራከረው በፊዚክሱ አይደለም። ሳጥኑን ነገ የሚከፍተው ሰው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄዬ።

አጎት፦ የሚከፍተውማ ሙያውን የሚያውቅ መሆን አለበት። በአዋጅ 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ተከራዩ ምን አግብቶት ካቻቢቴ ያነሳል?

መሐንዲሷ፦ አዋጁማ አለ። ሶኬት ሲጠቁርበት ባለሙያ ጠርቶ የሚከፍል ተከራይ ግን በዚህ ከተማ ስንት ታውቃለህ? ባለሙያው ቢመጣስ ጋሼ? አንተ ራስህ የአንዱን ቤት ብሬከር አጥፍተህ ተስተርህ ካልበራ ምን ታደርጋለህ?

አጎት፦ እፈታለሁ።

መሐንዲሷ፦ አንተም ልክ እንደ ልጁ በያዝከው ነበር። ስለዚህ ነው ሕግ አውጪዎቹ በየአገሩ እዚህ ነጥብ ላይ የደረሱት። አሜሪካኖች የጋራ ኒውትራልን አይከለክሉም፤ አንተ የምትለውን ያምናሉ። ግን በኤሌክትሪክ ደንባቸው እ.ኤ.አ. የ2008 እትም አንድ ኒውትራል የሚጋሩ ፌዞች ሁሉ ከመነሻቸው በአንድ ላይ የሚጠፉ መሆን አለባቸው አሉ። ከዚያ በፊት ይህ የሚጠየቀው ሁለቱ ፌዞች አንድ ሶኬት ላይ ሲገናኙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሁሉም ቦታ ሆነ። ሌላም የቆየ ሕግ አላቸው፤ የጋራ ኒውትራል በሶኬቱ ብሎን ላይ ተንጠልጥሎ እንዳያልፍ። ኒውትራሎቹ በሳጥኑ ውስጥ ለብቻቸው ይታሰራሉ፣ ለሶኬቱ አጭር ጅራት ይወጣለታል። ሶኬቱን ብትነቅለው መስመሩ አይቆረጥም።

አጎት፦ ይህቺን የጅራት ነገር እኔ ድሮም አደርጋታለሁ። ማንም አላዘዘኝ።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ግን አልተደረገችም። ተደርጋ ቢሆን ልጁም አይነዝረውም፣ ቴሌቪዥኑም በሕይወት ይኖር ነበር። በአንዲት አጭር ሽቦ።

አጎት፦ የእኛስ ሕግ?

መሐንዲሷ፦ እኛም ለሕንፃ የኤሌክትሪክ ሥራ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10 የሚባል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶልናል። ቮልቴጃችንም 220 በ380፣ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ስለሆነ አብዛኛው ዕቃችንና አሠራራችን ከዓለም አቀፉ ከአይ.ኢ.ሲ. ደንብ ጋር ነው የሚሄደው። አይ.ኢ.ሲ. የሚለው ልብ ብለህ ከሰማኸው ለዚህ ግቢ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ለተለያዩ ዋና መስመሮች አንድ ኒውትራል አይጋራም ይላል። ባለ አንድ ፌዝ የመጨረሻ መስመሮችን ግን ከአንድ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር፣ በአንድ ኒውትራል ማውጣት ይቻላል፤ አደራደሩ የሚለይ ከሆነና ሁሉም በአንድ ማጥፊያ የሚለያዩ ከሆነ። እንግሊዞች ደግሞ ከዚህ ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዱ መስመር በቦርዱ ላይ የራሱ ቦታ፣ ሽቦውም ከሌላው መስመር ፍጹም የተለየ እንዲሆን ነው የሚሹት።

አጎት፦ ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስቱን ብሬከር አውጥተን ባለ ሦስት ምሰሶ አንድ ብሬከር እናስገባ። ኒውትራሉን በየሳጥኑ ጅራት እናውጣለት። በቃ፣ አሜሪካንም አይ.ኢ.ሲ.ም ተስማማ። ሁለት ሽቦ ለምን ይወጣል?

መሐንዲሷ፦ እስቲ ረጋ ብለህ አስበው። ባለ ሦስት ምሰሶ ብሬከር ካስገባህ አንዱ ፌዝ ላይ ሎድ ሲበዛ ሦስቱም ይወርዳሉ። ሴትዮዋ ምጣድና ስቶቭ አንድ ላይ ስትለኩስ የመጀመሪያው ቤት ልጆች በጨለማ ያጠናሉ፣ የሦስተኛው ቤት ፍሪጅ ይጠፋል። ረመዳን ውስጥ ለማፍጠሪያ ሁሉም ቤት ሲያበስል ምን እንደሚሆን አስብ። ስንት ጊዜ ነው ሰው ተጠርቶ ብሬከር የሚነሳው?

አጎት፦ ይጣላሉ።

መሐንዲሷ፦ ከመጣላታቸው የከፋው ሌላ ነው። አንዱ ሰው ይጠራና ባለ ሦስት ምሰሶውን አውጥቶ መልሶ ሦስት ብሬከር ይከትበታል። እኛ ወደ ወጣንበት እንመለሳለን ማለት ነው። ደንቡ በአንድ ቤተሰብ ቤት ወይም በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤት ከሌላው ጋር ሳይማከር የራሱን መብራት ማጥፋትና ማብራት ይፈልጋል፤ ይገባዋልም። ይህ ከሆነ ኒውትራሉም የየራሳቸው መሆን አለበት።

አጎት፦ ግቢው እኮ ድሮ የአንድ ቤተሰብ ነበር። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር ነው፤ ጊዲር ጋሩ፣ ኪርታቱ፣ ዴራው ሁሉ የአንድ ሰው ቤት ክፍል ነው። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው በየከተማው ቤት እየተከፈለ የቀበሌ የሆነው። መጀመሪያ መብራት የገባለት ለአንድ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያው ላይ ቀጠለ። ማንም ከሥሩ አላሰበውም።

መሐንዲሷ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቤቱ ተከፈለ፣ ኑሮው ተከፈለ፣ ሽቦው ግን አልተከፈለም። ለዚህ ነው በጁገል ውስጥ ይህን ደጋግሜ የማየው። ሌላ ቤት ደግሞ ፌዙ ከታች፣ ኒውትራሉ ከላይ የሆነ የደረጃ አምፖል አይቻለሁ። ወደ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ቀላ የሚያወጣውን ደረጃ ከታችም ከላይም እንዲያጠፉት ሲፈልጉ፣ ሠራተኛው ፌዙን ከታችኛው መስመር አመጣ፣ ኒውትራሉን ከላይኛው ተዋሰ። አምፖሉ ይበራል፤ ማንም ቅሬታ የለውም። አንድ ቀን ቤቱን አድሰው ሰውን ከመነዘር የሚያድነውን አርሲዲ አስገቡ። አምፖሉ በበራ ቁጥር አርሲዲው ይወርዳል።

አጎት፦ አርሲዲው የወጣው ከረንት በዚያው በእሱ በኩል መመለሱን ነው የሚቆጥረው።

መሐንዲሷ፦ አዎ። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ ይወርዳል። የአምፖሉ ከረንት ወጥቶ በሌላ መስመር ስለሚመለስ አርሲዲው ሰው የያዘው ይመስለዋል። ሠራተኛ ተጠራ። ምን አደረገ? አርሲዲው ተበላሽቷል ብሎ አወጣው። ገንዘብ ተቀብሎ ሄደ። አሁን በዚያ ቤት ልጅ እርጥብ እጁን ሶኬት ውስጥ ቢከት የሚያድነው ነገር የለም። ምክንያቱ አንዲት ሜትር ተኩል ያልተዘረጋች ሽቦ ናት። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው ጋሼ፤ መዋሱ ሳይሆን መዋሱ የሚያስከትለው።

አጎት፦ ለሥራ የሄድኩበት ቤት እኔም አይቻለሁ። አርሲዲ ሲወርድ የሚያወጡት ብዙ ናቸው። ኒውትራሉን የሚከታተል የለም፤ ረጅም ሥራ ነው፣ ሰው ደግሞ ለምታጠፊው ሰዓት አይከፍልሽም፣ ለተለወጠ ዕቃ ነው የሚከፍልሽ።

መሐንዲሷ፦ ኒውትራልን ሰው ይንቀዋል። ተስተር አያበራም፣ ስለዚህ ከረንት የሌለበት ይመስላል። እዚህ ጁገል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ የማያልፉበት ያ የዕርቅ መንገድ የሚሉት ጠባብ መንገድ አለ አይደል? ከሦስት ቤት የወጣ ሰው ሁሉ በዚያ ብቻ ይመለስ ብትል ነው የጋራ ኒውትራል። ሦስቱ በየተራ ሲመጡ መልካም። አሁን ግን ሦስቱ ባንድ ጊዜ የሚመጡበት ምክንያት በዝቷል።

አጎት፦ እንዴት? ሦስት ፌዝ በየተራ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

መሐንዲሷ፦ ምጣድና የድሮ አምፖል ከሆነ አዎ። የኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን ግን ከረንቱን በቁርጥራጭ ነው የሚስበው። ከዚያ ውስጥ ሦስተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው፣ ማለትም 150 ኸርዙ፣ በሦስቱ ፌዝ ላይ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ኒውትራሉ ላይ አይጣፋም፣ ይደመራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ብቻ ባለበት ሕንፃ የኒውትራሉ ከረንት ከፌዙ ሊበልጥ ይችላል። ኒውትራሉ ላይ ደግሞ ብሬከር የለም። እዚህ ግቢ ገና እዚያ አልደረሰም፤ የፎቅ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ግን ሊያስቡበት ይገባል።

አጎት፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቦርዱን የሚከፍት ሰው ብሬከሮቹን አቀያይሮ ሁለቱን ቤት አንድ ፌዝ ላይ ቢያደርግስ? ያኔ ሁለቱ 16 አምፔር ይደመርና ኒውትራሉ 32 ይሸከማል። በ2.5 ሽቦ። ፌዞቹ ላይ ብሬከሩ ልክ ነው፣ አይወርድም። ኒውትራሉ ግን ግድግዳ ውስጥ ይቀልጣል። ይህን አይቻለሁ፤ ጣሪያው እንጨት የሆነ ቤት ነበር። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ሳልጨርስ በሁለቱ ፌዝ መካከል የምለካው፤ 380 ካላሳየኝ አልዘጋም።

መሐንዲሷ፦ አንተ ትለካለህ። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ግን መጋራቱን በምን ያውቃል? የሽቦው ቀለም እንኳ አይነግረውም። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ጥቁር ኒውትራል ነበር፣ ሰማያዊ ፌዝ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ እንግሊዞችም ከአውሮፓ ጋር ተስማምተው ሰማያዊውን ኒውትራል፣ ጥቁሩን ፌዝ አድርገዋል። እዚህ ግቢ በአንዱ ቱቦ ውስጥ ሁለቱም ዘመን አለ። ልጁ የያዘው ጥቁር ኒውትራል ሆኖ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ሳጥን ያለው ጥቁር ደግሞ ፌዝ ነው።

አጎት፦ እሺ። ተለያይተን እንዘርጋ ካልሽ እንዴት ነው የምናሳልፈው? ግድግዳውን አልነካም። ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ባይመዘገብም እኔ ጌ ጋር አልቆርጥም።

መሐንዲሷ፦ አንቆርጥም። አሁን በቱቦው ውስጥ ሦስት ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ኧርዝ አለ። አምስት ሽቦ። ሁለት ኒውትራል ብንጨምር ሰባት ነው። ኧርዙን መለየት አያስፈልገንም፤ በደህናው ጊዜ ከረንት አይሄድበትም፣ ለትልቁ ብሬከር የሚበቃ ውፍረት እስካለው ድረስ መጋራት ይቻላል።

አጎት፦ ቱቦው ይጠብባል። ማዕዘን ላይ ሽቦው ይላጣል። ሽቦ ሲታፈግም ይሞቃል።

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ ባለ 25 ሚሊሜትር አዲስ ቱቦ ከግቢው በኩል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በማያያዣ እናሳልፍ። ከውስጥ መቀመጫው ነደባም፣ ሙዳይ የተሰቀለበት ግድግዳም አይነካም። ወደ እያንዳንዱ ቤት የምንገባው አሁን ባለው ቀዳዳ ነው። ቦርዱ ላይ እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራሉ ጋር አንድ ቁጥር እንሰጠዋለን። ለየቤቱ ደግሞ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚያጠፋ ባለ ሁለት ምሰሶ አርሲዲ።

አጎት፦ እሱስ ጥሩ። ልጁ ሶኬቱን ሲፈታ የጎረቤቱ ነገር ከነጭራሹ ሳጥኑ ውስጥ የለም ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ አዎ። የራሱን ካጠፋ ሁሉም ጠፍቷል።

አጎት፦ አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ማን ይክፈል? የመጀመሪያው ቤት ሰውዬ ነባሩ ኒውትራል የእኔ ነው፣ አዲስ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው ይላል። አውቀዋለሁ፣ ይላል። ሴትዮዋ ደግሞ የእኔ ዕቃ አልተቃጠለም ትላለች። ዕቃው የተቃጠለበት ሰው ሁለቴ ሊከፍል ነው።

መሐንዲሷ፦ ነባሩን ለማንም አንሰጥም። ቀለሙ የተምታታ፣ መሀል መሀሉ በናስትሮ የተጠቀለለ ነው፤ ይውጣ። ሦስት አዲስ ኒውትራል፣ ሦስት አዲስ ፌዝ እንግዛና ወጪው ለሦስት እኩል ይካፈል። ርቀቱ ቢለያይም በሜትር አንቆጥር።

አጎት፦ ምጣድ ያላት ሴትዮ ወፍራም ሽቦ ነው የምትፈልገው። ለእሷ ባለ 4፣ ለሌሎቹ ባለ 2.5 ቢሆን ልዩነቱን እሷ ትቻል?

መሐንዲሷ፦ ለሦስቱም ባለ 4 እናድርግ። ነገ ሦስተኛው ቤት ምጣድ አይገዛም ያለው ማን ነው?

አጎት፦ ይገዛል። እሺ፣ ባለ 4 ለሦስቱም። የጉልበት እኔ አልጠይቅም፤ ሽቦና ብሬከር ብቻ ይግዙ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እጀምራለሁ፣ እስከዚያ ልጁ የፈታውን ኒውትራል በሳጥኑ ውስጥ አስሬ ጅራት አወጣለታለሁ። አንቺ ግን አሁኑኑ ሦስቱንም ቤት አንኳኪና ዋናውን ሳያጠፉ ማንም ሶኬት እንዳይከፍት ንገሪያቸው። ሴትዮዋም ዋናው ሲጠፋ ሊጧ እንዳይጎዳ አስቀድማ ትወቅ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የማጠፋው።